የተበላው ቀለም

ኢሳውሮ ፕላስቲኳን በጣቱ ገፋ አደረጋት። አሁንም! ያዲራ ስትቆጥር ነበር፤ ይሄ አምስተኛው ነው። ሌዘሩን ከማብራቱ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ ይገፋታል፤ ከዚያ ምንም እንዳልነካ ሰው ቀና ይላል።

«ለምንድነው የምታንቀሳቅሳት?»

«አቧራ ነበረባት። አቦ ነገር አታብዢ።»

አቧራ የሚጠረገው በጨርቅ ነው እንጂ በመግፋት ነው እንዴ? ያዲራ ዓይኗን ከእጁ ላይ አላነሳችም።

ብርቱካናማዋን ስስ ፕላስቲክ ቀለም በጥብጠው፣ መስታወት ላይ አፍስሰውና አድርቀው የሠሯት ሁለቱ ናቸው። ሰማያዊውን የሌዘር ጨረር ውጣ ታስቀራለች። ከኋላዋ ያለው የብርሃን መለኪያም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ነገ የሌዮን ከተማ ትምህርት ቤቶችን የሳይንስ ውድድር ካሸነፉ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ይሄዳሉ። ያዲራ ሻንጣ እንኳ ተውሳለች። ከውድድሩ በኋላ ፕላስቲኳ መነጽር ላይ ተለጥፋ ለያዲራ እናት እንድትሰጥ ተስማምተዋል። እናቷ ቤት ውስጥ የጫማ ቆዳ ላይ በሰማያዊ ሌዘር ስም ትቀርጻለች፤ የድሮ መከላከያ መነጽሯ ተጫጭሮ አላሳይ ብሏታል።

ኢሳውሮ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከሚሸጡት ሴትዮ በኩባያ የተሞላ ቅቅል በቆሎ ሊገዛ ወጣ። ያዲራ ፕላስቲኳን ከማቆሚያዋ አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋቻት። የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የነጡ ነጥቦች ተደርድረውባታል። ክው አለች።

እናቷ መስኮት ላይ ከርሞ ቀለሙ የለቀቀ ጫማ ባየች ቁጥር «ፀሐይ በላው» ትላለች። የፕላስቲኳንም ቀለም ሌዘሩ በልቶታል፤ የተበላ ቦታ ጨረሩን አያስቀርም። ኢሳውሮ ደግሞ በእያንዳንዱ ልኬት ያልተበላ ቦታ ያቀርብለታል!

ኢሳውሮ ሁለት ኩባያ ይዞ ተመለሰ። «ያንቺን በርበሬ አብዝተውበታል፣ እንደምትወጂው» አለ። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን አየ።

«ቀለሟ ሳይበላ ስንት ደቂቃ ትቆያለች?» አለችው።

ኩባያዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አንድ። ቢበዛ ሁለት። ዳኞቹ ግን የሚለኩት አስር ሰከንድ ብቻ ነው፣ ያዲ። ማን ያውቃል?»

«እናቴ ቀኑን ሙሉ ነው የምትሠራው።»

ኢሳውሮ አንገቱን ደፋ። «ከውድድሩ በኋላ ወፈር አድርገን እንሠራታለን፣ ለእናትሽ እስከዚያ አንሰጥም» ብሎ ለመናት። ያዲራ ልታምነው ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። ግን ድምፁ ቅድም «አቧራ ነበረባት» ያለበት ያው ድምፅ ነበር።

በሩ ተከፈተና መምህርት ግራሲዬላ የመጨረሻውን ልኬት አይተው የውድድሩ ቅጽ ላይ ሊፈርሙ ገቡ።

ያዲራ ፕላስቲኳን ወደ ማቆሚያዋ መለሰቻት፤ ጨረሩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ አንዷን የነጣች ነጥብ በትክክል አቆመች። ኢሳውሮ እጁን ሰደድ ሲያደርግ የእሷ ጣት ቀድሞ ጠርዟን ይዟል።

«አሁን ሌዘሩን ያብሩት፣ መምህርት» አለች።