ለቃል አቀባዩ የቀረበ ጥያቄ

የተዋወቁት በተዘጋ በር ፊት ነው። የበጀት ኮሚቴው ስብሰባ «ለጋዜጠኛ ዝግ ነው» ተብሎ ሁለቱንም ጋዜጠኞች ከአዳራሹ አስወጧቸው። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወንበር ብቻ ነበረች።

«ተቀመጪ» አላት።

«አንተስ?»

«እኔ ቆሞ መዋል ልማዴ ነው። ዘበኛው ይሉኛል፤ አልሰማሽም?»

ሰምታለች። ባለሥልጣን በር ላይ ተገትሮ፣ ሰውዬው ሲወጣ ሳይጠይቅ የማይለቅ የሌላ ጋዜጣ ዘጋቢ ነበር። ሳቀች። እሱም ዓይኑን ከፊቷ መንቀል አቃተው። በሩ ሲከፈት ሁለቱም የሚጠይቁት ጠፋባቸው፤ ዜናው አመለጣቸው፣ አልቆጫቸውም።

ከዚያ ወዲህ ወሬ ማነፍነፉንም፣ ፍቅሩንም አንድ ላይ ያዙት። አንድ ቀን የጡረታ ፈንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ አንድ ከባድ ነገር ነገራቸው። የጡረተኞቹ ገንዘብ ለአንድ የመንግሥት ፋብሪካ በብድር ተሰጥቷል፣ ፋብሪካው ቆሟል፣ ገንዘቡ አይመለስም። ሁለቱም በጆሯቸው ሰሙ። ለማተም ግን ሁለተኛ ምንጭ ያስፈልግ ነበር።

እናቷ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረባቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቃላቸው አንድ ነው።

«ዘበኛ ነው የምታገቢው? በጻፈ ቁጥር ለሚታሰር ሰው ልጄን አልሰጥም። ደህና ሥራ ይያዝና ይምጣ።»

ያዘ። የጡረታ ፈንዱን የሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ቃል አቀባይ አድርጎ ቀጠረው፤ መኪናም ጨመረለት። ትናንት «ዘበኛ» ያሉት እናት «ምራቁን የዋጠ ልጅ» ማለት ጀመሩ። የሰርጉም ቀን ተቆረጠ። የልጅቷ ደስታ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

በዚህ መሀል ሁለተኛውን ምንጭ ብቻዋን አገኘች። የቀራት የመንግሥት ምላሽ ብቻ ነው፤ ያን የሚሰጠው ደግሞ እሱ ሆነ።

«ነገ መግለጫው ላይ ስለ ጡረታው እጠይቅሃለሁ» አለችው፣ አዲሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው።

«ሌላ ሰው ይጠይቅ።»

«ሌላ ሰው አያውቅማ!»

መሪውን ይዞ ወደ መንገዱ አየ። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው እዚህ የገባሁት።»

«አውቃለሁ። እውነቱን መናገር ካቃተህ መልስ የለኝም በል። ብቻ እዚያ ቆመህ እንዳትዋሸኝ። ከዋሸኸኝ አላገባህም።»

«መልስ የለኝም ካልኩ ያባርሩኛል። ከተባረርኩ እናትሽ አይሰጡኝም።»

«እናቴን ለኔ ተዋት።»

እጇን አንስቶ ሳማት። ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው በዚያ መሳም ላይ ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቴሌቪዥን በቀጥታ ያስተላልፋል። እጇን ስታወጣ የሌላውን ሁሉ እጅ አየ፣ የሷን ግን አላየም። በመጨረሻ ሌላ እጅ ጠፋ።

«የጡረታ ፈንዱ ለፋብሪካው ያበደረው ገንዘብ አይመለስም የሚባለው እውነት ነው? እርስዎስ ይህን ያውቃሉ?»

አያት። ዝምታው ረዘመ። እባክህ፣ ዝም እንዳልክ ቅር፣ እያለች በልቧ ለመነችው። ያን ያህል ወዳው አታውቅም።

«ፍጹም ሐሰት ነው» አለ። «ከጡረተኞቻችን ገንዘብ ሰባራ ሳንቲም አልጎደለም። ይህን ወሬ የሚነዙ ጋዜጠኞችም በሕግ ይጠየቃሉ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያለውን ቃል በቃል ጻፈችው። እህል ውሃቸው እዚያው አለቀ።

ቤት ስትደርስ እናቷ በደስታ እንባ ተቀበሏት።

«ሰማሽው ልጄን? ጡረታችን ዘገየ ብለን ነገ ፈንዱ በር ላይ ልንሰለፍ ነበር። አማቼ ተናግሯል፣ ቅሩ አልኳቸው።»

«እማዬ፣ ዋሽቷል።»

«በቴሌቪዥን?» አሉ እናቷ። ቀጥለውም፣ «ሊያገባሽ ሽር ጉድ የሚል ልጅ እንዴት ይዋሻል?»

«ሊያገባኝ ብሎ ነው የዋሸው።»

እናቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ልጃቸውን ብዙ አዩዋት፤ ጡረታ ሲጠብቁ የኖሩበትን ቤትም ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ጓደኛቸው ዘንድ ደወሉ።

«ነገ ሁላችንም እንሰለፋለን» አሉ። ከወዲያ በኩል የሚባለውን ሰሙና ድምፃቸው ሻከረ። «የምን አማች? እኔ አማች የለኝም።»

ልጅቷ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።