ገዳዩን ቀድሞ ያሳየው ፊልም

ፍቅር በትኬት መስኮት ይመጣል ብሎ ማን ያስባል! የእታለም ግን በዚያው መጣላት።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ባለች አንዲት ሲኒማ ቤት እሷ ትኬት ትሸጣለች፤ አባቷ ጋሽ ጓንጉል ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ሆነው ፊልም ያሳያሉ።

የመርካቶው ጨርቅ ነጋዴ አስናቀው አንድ የፈረንሳይ የወንጀል ፊልም ለአራተኛ ጊዜ ሊያይ መጣ።

«አሁንም አንተ?» አለችው እየሳቀች።

«ምን ላድርግ! ይሄ ዳይሬክተር ጉድ እኮ ነው! ሰዓት አዳሹ ጎረቤቱን መግደሉን ገና ሲጀመር ነገረን። ሌላ ቢሆን እስከ መጨረሻው ይደብቀን ነበር። እሱ ግን ነግሮንም ልባችንን ሰቅሎ ይይዘዋል! መጨረሻውማ... የሟቹ ሚስት ምንም ሳታውቅ ከባሏ ገዳይ ጋር ሻይ ስትጠጣ ጥሎን ይሄዳል!»

እታለም ሳቋ ጠፋ። ዳይሬክተሩ እንዲህ አላደረገማ! የመጨረሻውን የፊልም ጥቅል በመጀመሪያ ያሳዩት አባቷ ናቸው፤ የሳጥኖቹ ቁጥር አሳስቷቸው። ፈረንሳይኛ የሚሰማ ስላልነበረ ሕዝቡ አጨብጭቦ ወጣ።

«ወደውታል፤ እንዲሁ እናሳየው፤ ዝም በይ» ብለዋት ነበር። «የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ከሰማ ያባርረኛል።»

አስናቀው ሱቁ ውስጥ አቡጀዲ እየቀደደ ፊልሙን ለደንበኞቹ ይተርካል። እሷም በዚያ ባለፈች ቁጥር ቆማ ትሰማለች። ሰው እንዲህ አድርጎ ሲያደንቅ አይታ አታውቅም። ወደደችው፤ በቃ ወደደችው!

አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እታለም... ሽማግሌ ብልክ ቅር ይልሻል?» አላት።

ደስታዋና ፍርሃቷ አንድ ላይ መጡባት። ዋሽታው ልታገባው ነው? አልሆነላትም። ሁሉንም ነገረችው።

ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትስቂብኝ ነበር!»

«ኧረ በእመቤቴ! አልሳቅኩብህም!»

ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ሱቁ ገባ። ሳምንት ሙሉ በሲኒማ ቤቱ በር አላለፈም።

ፊልሙ ለመጨረሻ ጊዜ በሚታይበት ቅዳሜ፣ እታለም አባቷን ለመነቻቸው።

«አባባ፣ ዛሬን ብቻ በትክክል ያሳዩልኝ።»

ዓይኗ ማበጡን አይተው እሺ አሉ። እሷም ወደ መርካቶ ሮጣ አንድ ትኬት ከፊቱ ባለው ጨርቅ ላይ አስቀመጠችለት።

«ዛሬ ዳይሬክተሩ እንደሠራው ነው የሚታየው። ካየህ በኋላ ከፈለግህ ጥላኝ።»

መጣ። ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም ወጣ፤ እሱ ግን ቀረ። እታለም ፈራ ተባ እያለች አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሰዓት አዳሹ ለሟቹ ሚስት ሻይ ሲቀዳ እጁን አይተሽዋል?» አላት።

«አዎ... ይንቀጠቀጣል።»

«ሰው ሁሉ ሴትየዋን ነው የሚያየው። ዳይሬክተሩ ግን እጁን እዚያው ዓይናችን ሥር አስቀምጦታል! ገዳዩን ቀድሜ ባላውቅ ኖሮ እኔም አላየውም ነበር። ለካ ምንም አልደበቀንም። እኔ ካደነቅኩት በላይ ነው ሰውዬው!»

ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺም ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር? አባትሽ እንጀራቸውን፣ አንቺም እኔን ልታጡ እንደምትችሉ እያወቅሽ ነገርሽኝ። እኔ ደግሞ ተቀየምኩሽ... ይቅር በዪኝ።»

እታለም እንባዋን ጠረገች።

«ለባለቤቱስ ትነግርብናለህ?»

«ምን ነካሽ! የአማቴን ምስጢር አወጣለሁ እንዴ?»

በጥር ተጋቡ።