የናናይ ኢሉሚናዳ የሞት ቀን

በሩ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሥሩ ፖሊስ ቆሟል። መርማሪ ሊዮኖራ ባሉዮት ወረቀቱንም ፖሊሱንም አየችና ጫማዋን አውልቃ ገባች። በፊሊፒኖ ቤት ሬሳ ቢኖርም ጫማ ይወለቃል።

ሳሎን ውስጥ ለሰፈር የሚበቃ ምግብ ተደርድሯል። የተጠበሰ ጥቅልል፣ ኑድል፣ በሆምጣጤ የተሠራ ዶሮ። ማንም አልነካውም።

ሟቿን ቫሌሆ ከተማ ያለ ፊሊፒኖ ሁሉ ናናይ ኢሉሚናዳ ይላቸዋል፤ ናናይ እማማ እንደማለት ነው። ልጃቸውን ሮዴልን ከአገር ቤት፣ ከፓምፓንጋ ለማምጣት ያመለከቱት ጸጉራቸው ገና ጥቁር ሳለ ነው። ዜግነት ያላት እናት ያገባ ልጇን ማምጣት ትችላለች፤ ወረፋው ግን ሰው ያስረጃል። ሮዴል ተራው ደርሶት ዛሬ ዓርብ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ከአውሮፕላን ወረደ። ምሳ ሳይቀርብ እናቱ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ።

መኝታ ቤቱ እንደ ሥጋ ማቀዝቀዣ ይበርዳል። ውጭ ዝናብ እየዘነበ ማቀዝቀዣው ባለ በሌለ ኃይሉ ይሠራል። የአስከሬን ሐኪሙ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር።

«ታፍነዋል» አላት። «ከንፈራቸው ከውስጥ በኩል ቆስሏል፤ ዓይናቸው ደም ቋጥሯል። ትራስ ይመስለኛል። ከጥፍራቸው ሥርም የሆነ ነገር አለ።»

«መቼ?»

«በዚህ ብርድ? ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ከዛሬ በፊትም። አታስምዪኝ።»

ሊዮኖራ የናናይን ፊት አየች። ጸጉራቸው ተበጥሯል፣ አንሶላው ተተኩሷል፣ መስኮቱ ያብለጨልጫል። ወለሉ ላይ ግን የደረቀ ሩዝና አቧራ አለ። በኮሪደሩም፣ ሳሎን ውስጥ ከጠረጴዛው ሥርም እንዲሁ። ጎንበስ ብላ አንድ ፍሬ ሩዝ አነሳች፤ እንደ ጠጠር ደርቋል። ጨብጣው ወጣች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የናናይን አማች፣ የልጃቸውን የዊልማን ባል ኔስቶርን ነው። ፖሊስ የጠራው እሱ ነው። ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ እስከ አንጓው ቆልፎታል።

«ሮዴል ብቻውን ገባ፣ በሩን ዘጋ» አለ። «ከዚያ የናናይን ድምፅ ሰማሁ። ‹ልጄ፣ ተው› አሉ። ሁለት ጊዜ።»

«እርግጠኛ ነህ የሳቸው ድምፅ ነው?»

«ስንት ዓመት አብሬያቸው የኖርኩ ሰው ድምፃቸውን ላጣው ነው? ይልቅ እሱን ያዙት፤ ገና እግሩ ሳይደርቅ ሰው የገደለ ወደ መጣበት ይመለስ።»

«ወዴት እንደሚመለስ እኔ አልወስንም። ተቀመጥ።»

ዊልማ ማድ ቤት ውስጥ ንጹሕ ሳህን ደጋግማ ታጥባለች። የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ ናት፤ እናቷንም ያስታመመችው እሷ ናት።

«ጠዋት ሾርባ ሰጠኋት፣ ጠጣችና ተኛች» አለች ዞር ሳትል። «ከዚያ እንግዶቼን ለመቀበል ሄድኩ፣ አቴ ሊዮ።»

አቴ ብላ ስትጠራት እንደ ታላቅ እህት መለመኗ ነው። ሊዮኖራ ገባት፤ ግን አላዘነችላትም፣ ገና ነው።

«ቤቱን የሚያጸዳው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ማን ያጸዳልኛል?»

«ጎበዝ ነሽ። መስኮቱ ፊት ያሳያል።»

የዊልማ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ።

የሮዴል ሚስት ሎርና ሻንጣዎቹ መካከል ተቀምጣ ትንሹን ልጇን አቅፋለች። ዓይኗ አብጧል፤ አፏ ግን አልታሰረም።

«የገባን ዕለት ቂም ይያዝብኝ አልልም፣ ግን ዊልማ ዛሬ ሌላ ሰው ናት» አለች። «ሩዙ እግሬን ሲወጋኝ እንግዳ ነኝ ብዬ አልቀመጥም፣ መጥረጊያ አነሳሁ። ከእጄ መነጨቀችኝ። እንደ ሌባ። ምን አጠፋሁ?»

«ምን አለችሽ?»

«‹ዛሬ አይጠረግም› አለችኝ። እኔ መቼም የአውሮፕላን ድካም ጆሮዬን የደፈነኝ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«ደህና ነው የሰማሽው» አለች ሊዮኖራ።

ሮዴል ጓሮ፣ ጣራው ሥር፣ ከአንድ ፖሊስ ጋር ቆሟል። በእርሻ የጠቆረ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው።

«ገብተህ ምን አደረግህ?»

«እጇን ይዤ ግንባሬን አስነካሁ። ለእናት የሚደረገውን።»

«እጇ እንዴት ነበረ?»

ሮዴል ዝናቡን አየ።

«ሮዴል፣ እናትህን አፍነሃል እየተባልክ ነው። እጇ እንዴት ነበረ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «እኔ እስር ቤት ብገባ የልጆቼ ግሪን ካርድ ይነካል?»

«አንተ ባጠፋኸው እነሱ አይነኩም።»

«እናቴ እኛ ሳንደርስ ሞታ ቢሆንስ ኖሮ?»

«አመልካቿ ከሞተች ማመልከቻው አብሯት ይሞታል። የአንተም፣ የነሱም።»

«እንግዲያው ኔስቶር ያለውን ጻፊ።»

ሊዮኖራ እስክሪብቶዋን ዘጋች። በሥራዋ ያልሠራውን ሠራሁ የሚል አይታለች፤ እንዲህ ረጋ ብሎ ግን ማንም አላላትም።

«አልጽፍም» አለችው። «በስልክ ለመጨረሻ ጊዜ ስታናግራት ምን አወራችሁ?»

«ምን እናወራለን? የሽኝታችንን ድግስ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ። ፔርላ የምትባል ሴት ጎልማሳ ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ‹ለባሌ ለኔስቶር ሰላም በልልኝ፤ በቤተ ክርስቲያን ያገባኝ እናቱ በግሪን ካርዷ ሳትወስደው ነው› አለች። የሰከረች መስሎኝ ለናናይ እየሳቅሁ ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። ‹ለዊልማ እንዳትነግር፤ እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ› አለች።»

«መቼ ነው ይህ?»

«ማክሰኞ።»

ሊዮኖራ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ልጆቹን አንዷ ፖሊስ ወደ ጎረቤት ወሰደቻቸው። ዊልማ ከግድግዳው ተጠግታ ቆመች፣ ኔስቶር ሶፋው ላይ እግሩን አነባበረ፣ ሮዴልና ሎርና ተጠጋግተው ተቀመጡ።

«በዚህ ቤት ሁለት ሰው ዋሽቶኛል» ብላ ጀመረች። «አንዱ ውሸት የፍቅር ነው፣ ሌላው የክፋት። መጀመሪያ ወለሉን እዩት። ዊልማ ከምጥ ብትነሳ የምትጠርግ ሴት ናት። ወንድሟን ዕድሜ ልኳን ስትጠብቅ ኖራ፣ ቤቷን ለሱ ሳትጠርግ ትቀበለዋለች? መስኮት ተወልውሏል፣ አንሶላ ተተኩሷል፣ ወለሉ ግን ቀናት አልፈውታል። ሎርና መጥረጊያ ስታነሳም ከእጇ ተነጠቀ። ለምን?»

ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሩዝ በጣቷ አሳየቻቸው።

«በኛ አገር ሬሳ ያለበት ቤት አይጠረግም። የጠረገ ሌላ ሰው ጠርጎ ያስወጣል ይባላል። እኔ አላምንበትም፣ ግን እናቴ በሞተች ጊዜ እኔም አልጠረግኩም። ዊልማ፣ ለፖሊስ ዋሸሽ፣ ለወንድምሽ ዋሸሽ። መጥረጊያውን ግን አልደፈርሽም። እናትሽ ዛሬ አልሞተችም።»

ዊልማ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።

«ረቡዕ» አለች። «ከሥራ ስመጣ ሞታ አገኘኋት። ልቧ የከዳት መሰለኝ። ሮዴል ትኬቱን በእጁ ይዟል። ሁለት ቀን ብቻ ብትቆይ ብዬ… ማቀዝቀዣውን ከፈትኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።»

«አንቺ አልገደልሻትም» አለች ሊዮኖራ። «ሞቷን ወንድምሽ እስኪገባ የደበቅሽ ሰው፣ እሱ ሳይገባ አትገድያትም። ሮዴልና ሎርና ረቡዕ ፓምፓንጋ ነበሩ። የቀረው አንድ ነው። እሱ ደግሞ ዛሬ የሬሳ ድምፅ ሰምቷል።»

ኔስቶር እግሩን አወረደ።

«ድንጋጤ ነው። ሰው ሲደነግጥ የማይሰማው ነገር የለም።»

«የዊልማ ውሸት ወንድሟን ለማስገባት ነው። ያንተ እሱን እስር ቤት ለመክተት ነው። ምን አደረገህ?»

«ምንም አላደረገኝም።»

«ፔርላን ያውቃታል።»

ዊልማ ቀና አለች። «ፔርላ ማናት?»

ሊዮኖራ ዓይኗን ከኔስቶር አላነሳችም።

«እናትህ አንተን ስታመጣህ ግሪን ካርድ ብቻ ነበራት። ግሪን ካርድ ያላት እናት ያላገባ ልጅ እንጂ ያገባ ማምጣት አትችልም። አንተ ፔርላን አግብተህ፣ ልጅም ወልደህ ሳለ አላገባሁም ብለህ ገባህ። ግሪን ካርድህ፣ ዜግነትህ፣ ይህ ትዳርህ፣ ሁሉም በዚያች ቃል ላይ ነው የቆመው። ናናይ ጠየቁህ። እሳቸው ሮዴል ሳይገባ ቢሞቱ አፋቸውም ይዘጋል፣ ሮዴልም ባለበት ይቀራል። በአንድ ትራስ ሁለቱን። ዊልማ ግን ሬሳውን ደበቀችብህ፤ ለምን ደበቅሽ ብለህ እንዳትጮህ ፈራህ። ዛሬ ደግሞ ሮዴል በሩን ሲዘጋ ዕድል አገኘህ።»

«ወሬ ነው» አለ ኔስቶር። «የሰካራም ሴት ወሬ።»

ዊልማ ከወለሉ ሳትነሳ ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ረቡዕ ዓይኗን እንኳ ሳልከድናት ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ‹በቃ፣ ሮዴል አይመጣም› አልከኝ። አይዞሽ አላልከኝም። እኔ ለሱ አዝነህ መስሎኝ አቅፌህ አለቀስኩ።»

«ሐኪሙ ከናናይ ጥፍር ሥር ቆዳ አግኝቷል» አለች ሊዮኖራ። «የማን እንደሆነ ይታወቃል። እጅጌህን ሰብስብ።»

ኔስቶር አልሰበሰበም። ፖሊሱ ሰበሰበለት። ጭረቱ ከአንጓው እስከ ክርኑ ሦስት መስመር ሆኖ ጠቁሯል።

ሲወስዱት ማንም አልሰደበውም። ዊልማ ብቻ «የፔርላ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ፊቱን አዙሮ ወጣ።

ቤቱ ጸጥ ሲል ሮዴል ተነሳ።

«ረቡዕ ብለሽ ነው የምትጽፊው?»

«ረቡዕ ብዬ።»

«ከእስር አወጣሽኝና ከአገር ልታስወጪኝ።»

«ዓርብ ብዬ ብጽፍ የኔስቶር ጠበቃ ወደ አንተ ይጠቁማል፣ እሱ ነፃ ይወጣል። አላደርገውም።» ሊዮኖራ ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች። «ወደ አገር ስትገባ መሞቷን እንደማታውቅ ግን እጽፋለሁ፤ እውነት ነው። አመልካች ሲሞትባቸው፣ በርኅራኄ ይታይልን ብለው የሚያመለክቱ አሉ። ዜግነት ያለው የቅርብ ዘመድ ዋስ ይሆናል። አንዳንዱ ይሳካለታል፣ አንዳንዱ አይሳካለትም።»

«የቅርብ ዘመዴ ዊልማ ናት።»

«እሷም ሬሳ በመደበቅ ትጠየቃለች። ዋስነቷን ይቀበሉ እንደሆነ አላውቅም። ባላውቀው አልዋሽህም።»

ዊልማ ወንድሟን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ሮዴል አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠና ትከሻውን ሰጣት።

ሊዮኖራ በሩ ጋ ጫማዋን ስታጠልቅ ሎርና ተከትላት መጣች።

«እትዬ፣ ልጆቹን ሰኞ ትምህርት ቤት ላስመዝግብ ነበር። አሁን ምን ላድርግ? ተመለሱ የሚል ደብዳቤ ይመጣብኛል ብዬ ልጠብቅ?»

ሊዮኖራ የጫማዋን ማሰሪያ ቋጥራ እስክትጨርስ አሰበች። የምታውቀው ሕግ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ምንም የለውም።

«አስመዝግቢያቸው» አለቻት። «የዝናብ ልብስም ግዢላቸው። እዚህ እስካሉ ድረስ እዚህ ናቸው።»