የስድስት ሰዓት ርክክብ

በዚያ ቤተ ሙከራ ብርጭቆና ጠርሙስ አጣቢ ነበርኩ። ያየሁትንና የነገሩኝን ብቻ እጽፋለሁ።

በጨለማው ክፍል በዓይን የማይታይ ነገር አጉልቶ በስክሪን የሚያሳይ አንድ ማሽን፣ ከፊቱም አንድ በርጩማ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት አንዲት ተመራማሪ ልጅ ትቀመጥበታለች፤ ከዚያ በኋላ ባልደረባዋ የሆነ ልጅ። ስለዚህ የቤቱ ሰው እሷን «ጠዋት»፣ እሱን «ከሰዓት» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። የሚገናኙት የርክክብ መዝገቡ ላይ ሲፈራረሙ ነው፤ ሁለት ደቂቃ። እሷ «አስረክቤያለሁ» በሚለው ሥር ትፈርማለች፣ እሱ «ተረክቤያለሁ» በሚለው።

ምን እንደምትጠብቅ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«አባባ፣ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ዲኤንኤ የሚባለው ክር መገልበጥ አለበት። ገልባጩ ፖሊሜሬዝ ይባላል። ክሩን የከበበ ቀለበት አለ፤ እሱን ተደግፎ ክሩን ይይዛል።»

«አይለቅም?»

«ብቻውን ሲሆን ሙጭጭ ነው። ቀይ ቀለም ቀብተን አየነው። አረንጓዴ የቀባናቸውን ሌሎች ገልባጮች ስንጨምር ግን ቀዩ ይሄዳል፣ አረንጓዴው ይተካል። ሥራው ለአፍታ አይቆምም። እንዴት እንደሆነ ነው ያጣነው።»

«በእኔም ውስጥ እንዲህ ነው?»

«በእርስዎም። አሁን፣ እያወራን።»

እጄን ከሳሙናው አውጥቼ ብዙ አየሁት።

ልጁ መጀመሪያ በሰዓቱ ይመጣ ነበር። ቆይቶ ሩብ ሰዓት ቀደም አለ፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት። ሁለተኛ በርጩማ ስለሌለ ከኋላዋ ይቆማል። አይናገርም። እሷም ዞር አትልም፤ ትከሻዋ ግን መምጣቱን ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን አለቃችን መዝገቡን ይዛ መጣች። ኮስታራ ሴት ናት።

«ትናንት ያስረከበችው ስድስት ሰዓት ላይ። የተረከብከው አምስት ከሃያ! ሳታስረክብህ እንዴት ተረከብክ?»

ልጁ ወደ ጨለማው ክፍል በር አየ። «ቀድሜ መጥቼ...»

«መጥተህ ምን ልትሠራ?»

መልሱን ሳንሰማ ልጅቷ ከጨለማው ክፍል «ቢጫ!» ብላ ጮኸች።

ሮጠው ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስክሪኑን አየሁ። ቀይዋ ነጥብ ላይ አረንጓዴዋ መጥታ ዐረፈች፤ ቀይዋ ገና አልሄደችም። ሁለቱ አንድ ላይ ቢጫ ሆነው በሩ። ከዚያ ቀይዋ ጠፋች፣ አረንጓዴዋ ቀረች። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አይቼ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ትልቅም።

«ቀድሞ ነው የሚመጣው» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «ጎኑ ይቆማል። ያኛው አንዱን እጁን ላላ ሲያደርግ፣ ይሄኛው ይይዛል።»

አለቃችን መዝገቡን አየች፤ ልጁን አየች። «አምስት ከሃያ» አለች። መዝገቡንም ዘጋችው።

ቤቱ ሲደሰት ልጅቷ አለቀሰች። ሥራው ካለቀ መሄዷ ነው። እናቷ ሩቅ ከተማ አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲያስታምማቸው የኖረው ታላቅ ወንድሟ ሌላ አገር ሥራ አግኝቷል። ተራው የእሷ ነው።

«ስንት ጊዜ ትቆያለሽ?» አላት ልጁ።

«በእናት ላይ ቀን ይቆጠራል?»

ወደ በርጩማው ሄዶ ተቀመጠ። 

በመጨረሻው ቀን ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ልጁ አልመጣም። ሰባት ሆነ። ልጅቷ ማሽኑን አጠፋችና ፈረመች። ከፊርማዋ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ቀረ።

«አባባ፣ ለዚያ ዝምተኛ ይንገሩልኝ...» አለችና አቋረጠች። «ይተዉት። ምንም አይንገሩት።»

የት እንደሄደ አውቅ ነበር። እንዳልናገር አስምሎኛል።

የቀረውን በስልክ የነገረችኝ እሷ ናት። በማግስቱ ደረሰች። የወንድሟ ሻንጣ ገና አልተዘጋም። ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ ከአልጋው ጎን ተንበርክኳል፤ አንድ እጁ ከእናቷ ጀርባ ሥር ነው። በወዲያኛው በኩል ወንድሟ እንዴት እንደሚያገላብጧቸው ያሳየዋል።

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ርክክብ ነው» አለ። «ቀደም ብዬ መጣሁ።»

«ሥራህስ?»

«እዚህ ያለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ይፈልጋል።»

እናቷ ሳቁ። «ለካ አፍ አለው! ከትናንት ጀምሮ እጄን ይዞ ዝም ነው። የማን ነው?»

ልጅቷ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

«የኔ ነው፣ እማዬ።»