ዘይት ያልተቀባው ሰይፍ

ሻምበል ዘነበ የሞቱት ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከቀበና ወንዝ በላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት አቀበት ላይ ባለው ቤታቸው ውስጥ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው አገኟቸው። ከኮርያ ዘመቻ ሲመለሱ ያመጡት፣ ሃያ አራት ዓመት ከቤታቸው ያልወጣው የጃፓን ሰይፍ ደረታቸው ላይ ተሰክቷል።

መርማሪው መቶ አለቃ ከማለዲን ማክሰኞ ጠዋት ሲደርስ የሐምሌ 1969 ዝናብ ገና አላባራም። አስከሬኑ ሆስፒታል ነው፤ ገዳይ የተባለውም ተይዟል። የቤቱ አገልጋይ ኢቲቻ እጁን የፊጥኝ ታስሮ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መሪ ሸሪፍ ጠመንጃውን ታቅፎ አጠገቡ ቆሟል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ በከንቱ ደከሙ፤» አለ ሸሪፍ። «ነገሩ አልቋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፤ እንወስደዋለን።»

«ወዴት?»

ሸሪፍ ፈገግ አለ። በዚያ ክረምት በዚያ መኪና ተወስዶ የተመለሰ የሰፈር ሰው አልነበረም።

«ማስረጃህስ?»

«መዳፉ ተቆርጧል፤ ይዩት። ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ ከሟቹ ሌላ ሰይፉን የሚነካው እሱ ብቻ ነው። ይህንን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ባለቤትየዋ ናቸው።»

ከማለዲን ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየ። ጠርዙ መድረቅ ጀምሯል።

«በምን ተቆረጥክ?»

«በመጥረቢያ፣ ጌታዬ። እሑድ እንጨት ስፈልጥ።»

«ማን አየህ?»

«ላሚቱ ነበረች፤» አለ ኢቲቻ። ሸሪፍ ሳቀ። ኢቲቻ ግን መቀለዱ አልነበረም።

ክፍሉ እንደነበረ ነው። ምንጣፉ ላይ የሻምበሉ የጽዳት ዕቃ ተዘርግቷል፦ ዘይት የጠጣ የተጨማደደ ወረቀት፣ ዱቄት የተቋጠረባት የሐር ጨርቅ፣ ጣት የምታህል የናስ መዶሻ፣ የቅርንፉድ ሽታ ያለው ዘይት በትንሽ ብልቃጥ። የብልቃጡ ቡሽ አልተከፈተም። ጥቁሩ ሰገባ ባዶውን ተጋድሟል። ሰይፉን ሸሪፍ ጠርጎ ግድግዳ አስደግፎታል።

«ከአስከሬኑ ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ስስበው እጀታው ብቻውን እጄ ላይ ቀረ። ብረቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የነቀልኩት፤ ከዚያ መልሼ ሰካሁት። የጃፓን ዕቃ ምን ዋጋ አለው!»

ከማለዲን ሰይፉን ወደ ሰገባው ሊከተው ሞከረ። አንድ ጋት ሲቀረው ቆመ። አልታገለውም፤ አወጣው።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጥቁር ለብሰው ሳሎን ተቀምጠዋል።

«ይህን ነገር እጠላው ነበር፤» አሉ። «በየወሩ አንድ ሰኞ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ያጥበዋል። ቀበሌ መሣሪያ ይመዝገብ ሲል ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ነገ ረቡዕ ሊያስረክብ ስሙን አስፍሯል።»

«ሰይፉ የእሳቸው ብቻ ነበር?»

«ከከበበ ጋር ነው የገዙት። ሃምሳ አለቃ ከበበ፣ አብሮት የዘመተው። በዕረፍት ጃፓን ወርደው፣ ሁለቱም ያላቸውን አዋጥተው። የሸጠላቸው ሽማግሌ አያያዙን ሦስት ቀን ሙሉ አስተማራቸው ይላሉ። መቼም አልተጣሉበትም፤ ደረቅ ቤት የኛ ነው ተብሎ እዚህ ተቀመጠ።»

«ኢቲቻ ገድሏቸዋል ብለው ያምናሉ?»

«እኔ ገደለ አላልኩም። ማን ይነካዋል ብለው ጠየቁኝ፤ ያለውን ተናገርኩ።»

ከማለዲን ወደ በረንዳው ተመልሶ የኢቲቻን እጅ አስፈታ። ሸሪፍ ጠመንጃውን አቀባበለ። መርማሪው ሰይፉን ለእስረኛው ሲሰጠው የሸሪፍ ዓይን ፈጠጠ።

ኢቲቻ እጀታውን ይዞ በሁለት እጁ ተቀበለ። አውራ ጣቱ ሳይፈልግ እጀታው ላይ አንድ ቦታ ሄዶ ቆመ።

«ችንካሩስ?» አለ።

«የምን ችንካር?»

«የቀርከሃ ናት፣ የክብሪት እንጨት ሁለት እጥፍ ብትሆን ነው። እጀታውንና ብረቱን ወግታ የምትይዝ። ሻምበል ሲያጸዱ በመዶሻዋ መትተው ያወጧትና እንዳትጠፋ ደረት ኪሳቸው ይከቷታል። ከዚያ አሮጌውን ዘይት ይጠርጋሉ፣ ዱቄት ይነሰንሳሉ፣ እንደገና ይጠርጋሉ፤ አዲሱ ዘይት መጨረሻ ነው። ችንካሯን መልሼ የምመታት እኔ ነኝ።»

«ብረቱን በእጅህ ትነካዋለህ?»

«ኧረ ጌታዬ! አንድ ጊዜ በጣቴ ብነካው ሃምሳ አለቃ ከበበ በጥፊ አጮሉኝ። የጣት ላብ ያዝገዋል ብለው። ሻምበል ናቸው ያስጣሉኝ።»

ሃምሳ አለቃ ከበበ ከመገናኛ ተጠርተው የመጡት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከጦሩ ከወጡ በኋላ ጋራዥ ውስጥ ይሠራሉ፤ ጥፍራቸው ሥር ግራሶ አለ። ገና ደጃፉ ላይ አለቀሱ፤ ልቅሷቸው የእውነት ነበር።

«ሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ጋራዥ፤ ባሌስትራ ስቀይር። የት እሄዳለሁ?»

ከማለዲን ሰይፉን ሰጣቸው። ከበበ ተቀበሉና አገላበጡት። አውራ ጣታቸውን ከጫፉ እስከ እጀታው ብረቱ ላይ አስኬዱ።

«ወንድሜን በላው፤» አሉ፤ መልሰውም ሰጡት።

ከማለዲን አመሰገናቸውና ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እጀታውን አወለቀ። ብረቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ብዙ ቆየ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ወይዘሮዋና ከበበ ወንበር ላይ፣ ኢቲቻ መሬት፣ ሸሪፍ በሩ ላይ። መርማሪው ከኪሱ የክብሪት ሳጥን አውጥቶ ከፈተ። ውስጡ የቀርከሃ ችንካር አለ።

«ጠዋት ከሆስፒታል ነው የተቀበልኩት፤ በሟቹ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ሲሞቱ ሰይፉ ተፈታቶ ነበር ማለት ነው። እጀታውን ገዳዩ ነው በኋላ የሰካው። ኢቲቻ ቢሆን ችንካሩ የት እንዳለ ያውቃል።»

«ቢቸኩልስ?» አለ ሸሪፍ።

«ቢቸኩልማ ሰይፉ ከሰገባው ልክ በሆነ። ልኩ አይደለም።» እጀታውን ሳብ አድርጎ አወለቀው። «ጅራቱን ተመልከቱ። የድሮ ሰይፍ እጀታው ውስጥ የሚቀረው ክፍሉ አይወለወልም ይባላል፤ ጥቁር ዝገት አለው። ይህ ግን ገና በቅርቡ የተሞረደ ነው። የችንካሩ ቀዳዳም ከእጀታው ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። የቃጫ ክርም ተጣብቆበታል፤ በጆንያ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ይህ ከመኪና ባሌስትራ፣ ክብደቱን ከሚሸከመው ረጅም ብረት፣ ተሞርዶ የተሠራ ነው። ሻምበሉን የገደለው የራሳቸው ሰይፍ አይደለም፤ የራሳቸው ሰይፍ ሄዷል።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ቀስ ብለው ወደ ከበበ ዞሩ።

«ባሌስትራ በከተማው ሞልቷል፤» አሉ ከበበ።

«ልክ ነው። ስለዚህ ይህን ብረት ወጉን ለሚያውቁ ሁለት ሰዎች ሰጠሁ። ኢቲቻ ብረቱን አልነካም፤ እውነተኛው ስለመሰለው። እርስዎ ሃምሳ አለቃ፣ በጣት ነካህ ብለው ሰው በጥፊ የመቱ፣ አውራ ጣትዎን ከዳር እስከ ዳር አስኬዱበት። ወጉን ያውቃሉ፤ ብረቱ ሰይፍ እንዳልሆነም ያውቃሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ሊያውቅ የሚችለው የሠራው ሰው ነው።»

«የደነገጠ ሰው እጁን ያውቃል?»

«ላያውቅ ይችላል።» ከማለዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ ያሳዝነኛል። ሻምበሉ አሮጌውን ዘይት ጠርገው ነበር፤ አዲሱን ግን ገና አልከፈቱም። ሰይፉ ራቁቱን ነው ከዚህ የወጣው። በሐምሌ ዝናብ፣ በእርጥብ ጆንያ፣ በላብ እጅ። እስካሁን ዝገት በልቶታል።»

«አልበላውም!» አሉ ከበበ ብድግ ብለው። «ቤቴ እንደ ገባሁ ጠርጌ ነው የቀባ—»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል። ከበበ መልሰው ተቀመጡ።

«ሁለት ወር ሠራሁለት፤» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ይህን ለቀበሌ ስጥ፣ የኛን እንደብቅ አልኩት። ‹ፈርሜያለሁ፤ የፈረምኩት በዚያኛው ነው› አለኝ። የእኔስ? ግማሹ የእኔ አይደለም? መጋዘን ውስጥ ከዶማና ከአካፋ ጋር ሊጥለው! ሊነጥቀኝ ተነሳ... ባሌስትራው በእጄ ነበር።»

«ቤትዎ ገብተው ሰይፉን ቀቡ፤» አለ ከማለዲን። «ይህ ሰው መታሰሩንስ አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።» ከበበ ኢቲቻን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። «ስለ እሱ አላሰብኩም።»

መኪናው ከአቀበቱ ሥር ጡሩምባውን ሲያሰማ ሸሪፍ ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ። ሰባት ስም ተጽፎበታል።

«በአንዱ ፋንታ ሌላው፤» አለ ከበበን እያየ።

«ሃምሳ አለቃ የእኔ እስረኛ ናቸው። በፖሊስ መኪና ነው የሚሄዱት፤ ፍርድ ቤት ይጠብቃቸዋል።»

«ሰባት ነው የሚጠብቁት፣ መቶ አለቃ።»

«ስድስት በላቸው። ጥያቄ ካላቸው ስሜን ጻፍላቸው።»

ሸሪፍ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ብዕሩን አውጥቶ የኢቲቻን ስም ሰረዘ፤ በቦታው ምንም አልጻፈም።

ሰዉ ሲወጣ ኢቲቻ ገመድ የሰረሰረውን እጁን እያሻሸ ደጃፉ ላይ ቆየ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ተከትለውት ወጡ።

«ኢቲቻ፣ እኔ እኮ የተናገርኩት እውነቱን ነው።»

«አዎ እትዬ፤ እውነት ነው።»

«ነገ ትመጣለህ?»

ኢቲቻ ወደ መኪናው እየወረደ ያለውን ሸሪፍን አየ፤ ከዚያ እሳቸውን አየ።

«እንጃ፣ እትዬ፤» አለና ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን መንገድ ይዞ በዝናቡ ውስጥ ሄደ።