ሁለት ጊዜ የታጠበው ሻይ

አለምሰገድ የሞተው በገዛ ሻይ ጠረጴዛው ሥር ነው። ሲወድቅ ትርፍ ሻይ የሚፈስባትን ትንሿን የሸክላ እንቁራሪት ይዞ ወርዶ ነበርና፣ የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ተስፋ ቆርጠው ሲነሱም በጣቶቹ መሃል ነበረች።

ጤናዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ሬሳውን ሳይሆን ልጇን ታይ ነበር። «በቃ፣ እንዳልክን ሊወስዱብኝ ነው» አለች በልቧ። ገና ማንም ስሙን አላነሳም።

የአለምሰገድ ሱቅ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ውስጥ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ነው። አለምሰገድ ታክሲ መንዳት ትቶ የቻይናውን ፑኤር ሻይ መሸጥ የጀመረ ጊዜ፣ እንደ ኩበት ተጠፍጥፎ ለዓመታት ሲብላላ የሚቀመጠውን ነገር ያየ ሐበሻ ሁሉ ስቆበታል። በኋላ ግን ፈላጊው በዛ። የጤናዬ ባል መስፍን ሸሪኩ ሆኖ ከቻይና ይገዛል፤ ልጃቸው እንዳልክ ከኮሌጅ መልስ ያፈላል። የዚያን ቀን ጠዋት፣ ቶርንተን ላይ ሬስቶራንት ያላት ሮማነወርቅ ለመቅመስ መጥታ ነበር። ጤናዬን ጨምሮ አምስቱም ከአንድ ማፍያ ጠጡ። የሞተው አለምሰገድ ብቻ ነው።

መርማሪ ትህትና በረዶውን ከጫማዋ አራግፋ ገባች። በልጅነቷ ዴንቨር የመጣች፣ አማርኛዋ የእናቷ የሆነ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት።

«ማነው ያፈላው?»

«እኔ ነኝ» አለ እንዳልክ።

«እንዴት እንዳፈላህ ንገረኝ። ምንም ሳትነካ።»

«ቅጠሉ ትናንት ተፈርፍሮ ሳህን ላይ ተቀምጦ ነበር። ፈርስት፣ የፈላ ውሃ አደርግበትና ወዲያው እገለብጠዋለሁ። ያ አይጠጣም፤ አቧራውን ማጠቢያ ነው። ስኒዎቹንም በፈላ ውሃ አጥባለሁ። ከዛ የሚጠጣውን እቀዳለሁ።»

«ያጠብክበትን የት ደፋኸው?»

እንዳልክ ወለሉን አየ። «ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ። ጋሼ አለምሰገድ ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ።»

«ሁለተኛውን ደግሞ እንቁራሪቷ ላይ» አለች ሮማነወርቅ በመሃረብ አፍንጫዋን እየጠረገች። «መስፍን ነው ሁለቴ ይታጠብ ያለው። ልጁ እንኳ ‹አባዬ፣ አንዴ ይበቃዋል› ብሎት ነበር። ለደንበኛ ጤና እንዲህ የሚጨነቅ ነጋዴ የት ይገኛል?»

«ያረጀ ሻይ ሻጋታ አያጣም» አለ መስፍን በቀስታ።

ትህትና ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ ሁለተኛ የቅጠል ሳህን አየች። «ይሄስ?»

«እሱን አለምሰገድ ቀጥሎ ሊያስቀምሰኝ ነበር» አለች ሮማነወርቅ። «‹ልዩነቱን አንቺው ትነግሪኛለሽ› ብሎኝ ነበር። ምስኪን! እግዜር አላደረሰውም።»

መርማሪዋ ወደ ጓዳው ገባች። የእጅ መታጠቢያው እስከ አፉ ካርቶን ተጭኖበታል። ካርቶኖቹን አንስታ የገንዳውን ወለል በጣቷ ዳሰሰች፤ ጣቷ አቧራ ይዞ ወጣ። ጤናዬ በበሩ ስንጥቅ አየቻት። የጎድጓዳ ሳህኑ ውሃ የት እንደሄደ ጤናዬ ታውቃለች፣ ግን ዝም አለች። ልጇም ዝም ብሏል።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ገዳዩ ከመጠን ያለፈ የልብ መድኃኒት ሆነ። ስኒ ያጠበውም የቀዳውም እንዳልክ ስለሆነ በካቴና ወሰዱት።

ትህትና ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ወዳለው አፓርታማቸው ስትመጣ መስፍን ጠበቃ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ጤናዬ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ እንባዋን ስትጠርግ የበለጠ ያቃጥላታል።

«እትዬ ጤናዬ፣ ቤት ውስጥ የልብ መድኃኒት ነበር?»

«የለም። በፍጹም።»

አማቷ ከመሞታቸው በፊት የሚወስዱት መድኃኒት ግን ነበር። አለምሰገድ በሞተ ዕለት ሮጣ መታጠቢያ ቤት ያለውን ቁምሳጥን ስትከፍት ብልቃጡን ባዶውን አገኘችው፤ ልጄ ነው ብላ ከሕንጻው ጀርባ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለችው። አሁን እንዳይታወቅባት ወሬ ማብዛት ጀመረች።

«ይሄ የዴንቨር አየር ጨረሰኝ፤ ከንፈሬን አየሽው ልጄ? መስፍን ግን ይወደዋል። ‹ሻጋታ በዚህ አገር አይኖርም› ይላል። የአለምሰገድን አሮጌ ሻይ ለሰው ሲያሳይ የሚያወራው ይኸንኑ ነው። እዚሁ ደረቅ ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያረጀው፣ ንጹሕ ነው፣ አንድ ውሃ ይበቃዋል ይላል።»

ትህትና ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። ከዚያ «አመሰግናለሁ እትዬ» ብላ ተነሳች። ጤናዬ መድኃኒቱን የረሳችላት መሰላት።

በሳምንቱ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። እንዳልክን ሁለት ፖሊሶች አመጡት። ጤናዬ ካቴናውን እንዳታይ ዓይኗን መደርደሪያው ላይ ተከለች።

«ሁላችሁም ከአንድ ማፍያ ጠጣችሁ» አለች ትህትና። «ስለዚህ መርዙ በአለምሰገድ ስኒ ውስጥ ነበር አልን። ስኒውን የያዘው እንዳልክ ነው፣ እሱን አሰርን። እኔን ግን ጎድጓዳ ሳህኑ አላስተኛኝም። አለምሰገድ ይዞት ገብቶ ባዶውን ተመለሰ። የጓዳው ገንዳ ደረቅ ነው፣ ካርቶንም ተጭኖበታል። ውሃው ታዲያ የት ሄደ? እንዳልክ?»

«ጠጡት» አለ እንዳልክ። «ሁሌ ይጠጡታል። ‹ይሄን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩትን ሻይ አልደፋም› ይላሉ። ሻይ የሚያውቁ ቻይኖች ስለሚስቁባቸው ተደብቀው ነው። እኔ… ሞተው ሳለ ነውራቸውን ማውራት ደስ አላለኝም።»

«ስለዚህ መርዙ ስኒ ውስጥ አልነበረም። ደረቁ ቅጠል ላይ ተነስንሶ ነበር። አብዛኛው በመጀመሪያው ውሃ ወጣ፤ አለምሰገድ እሱን ጠጣው። የቀረው በሁለተኛው ወጣ፤ እንቁራሪቷ ላይ አግኝተነዋል። እናንተ የጠጣችሁት ሦስተኛውን ነው። ይህን ያሰበ ሰው የአለምሰገድን ልማድ ያውቅ ነበር። ወይዘሮ ሮማነወርቅ አታውቅም። መድኃኒቱም ከእነ እትዬ ጤናዬ ቤት ነው፤ ብልቃጡን ከሕንጻው ጀርባ የቆሻሻ ገንዳው ውስጥ አግኝተነዋል።»

ጤናዬ በመርማሪዋና በልጇ መሃል ገባች። «እኔ ነኝ የጣልኩት! ልጄ ምንም አያውቅም!»

«ልጅዎ እንዳልሆነማ ግልጽ ነው። መርዙን የነሰነሰ ሰው ራሱ የሚጠጣውን ሻይ ‹አንዴ ይበቃዋል› ብሎ አይከራከርም።» ትህትና ወደ መስፍን ዞረች። «ሁለቴ ይታጠብ ያልከው አንተ ነህ። ሻጋታ ፈርቼ ነው አልክ። ለሰው ስትሸጥ ግን ይህ ሻይ ሻጋታ አያውቅም፣ አንድ ውሃ ይበቃዋል ትላለህ። ይህን የነገሩኝ ባለቤትህ ናቸው።»

ጤናዬ ዞራ ባሏን አየችው።

«ሁለተኛውን ሳህን ለአንድ የቻይና ሻይ ነጋዴ አስቀመስኩት። አንዴ ጎንጭቶ ተፋው፤ ገና ትናንት የተለቀመ ቅጠል በአሮጌ ወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡት ነው አለኝ። አሮጌ ነው እያልክ ለወይዘሮ ሮማነወርቅ ስታቀርብላት የኖርከው እሱን ነው። አለምሰገድ ሊያጋልጥህ ነበር፤ መጀመሪያ እውነተኛውን፣ ቀጥሎ ያንተን አስቀምሷት።»

መስፍን እጆቹን አየ። «ልቡ ድሮም ደካማ ነው» አለ። «በሕመሙ ሞተ ይላሉ ብዬ ነበር።»

«ልጅህ ሲታሰርስ?» አለች ጤናዬ። «አብረኸኝ ስታለቅስ ነበር እኮ መስፍን! ጠበቃ ፍለጋ ትዞር ነበር እኮ!»

«ይለቁታል ብዬ ነው። እጁ የለበትም።»

ካቴናው ከልጁ ወጥቶ ወደ አባቱ ሄደ።

ትህትና ጤናዬን እስከ መኪናዋ ሸኘቻት። «እትዬ፣ መስፍን ዛሬ የሰጠውን ቃል ነገ ጠበቃው ያስክደዋል። ሁለቴ እጠበው ተብሎ የታዘዘው እንዳልክ ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ መናገር ያለበት እሱ ነው። ስለ አየሩና ስለ ሻጋታው ደግሞ እርስዎ። የጣሉት ብልቃጥም ያስጠይቅዎታል፤ ከአሁኑ ይወቁት።»

እናትና ልጅ መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። በረዶው መስታወቱን ሸፍኖታል።

«ማሚ፣ ሁለቴ ባላጥበው እኛም እንሞት ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ሶ፣ እኛን አድኖናል።»

ጤናዬ ሞተሩን አስነሳች።

«ፍርድ ቤት ምን ልበል?»

ጤናዬ ልጇ ይታሰራል፣ ይገደላል፣ ያብዳል ብላ እያንዳንዱን ክፉ ነገር አስቀድማ ስታለቅስ የኖረች ናት። ለዚህ ጥያቄ ግን አልተዘጋጀችም።

«የሆነውን ነዋ» አለች።

ከዚያ ቀበቶውን እንደ ሕፃንነቱ ጎትታ አሰረችለት። እጆቹ ካቴናው ገና ያለባቸው ይመስል ጭኑ ላይ ተጣምረው ነበር።