ከበረቱ ወለል በታች

አቶ ኃይለ መስቀልን ከጉድጓዱ ያወጧቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭንብል አጥልቀው ነበር። ያም ሆኖ አንደኛው የገመዱን ጫፍ ለባልደረባው አቀብሎ ወደ አጥሩ ሮጠና አስመለሰው። ጉድጓዱ በአሮጌው በረት ወለል ሥር የተቆፈረ፣ የላሞች ሽንትና እበት ለዘመናት ሲንቆረቆርበት የኖረ ነው። ላሞቹ ከተሸጡ ቆይተዋል፤ ፍሳሹ ግን እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ እንደ ንፍጥ ተዝለግልጎ እዚያው ቀርቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺወርቅ እንዲለዩአቸው ፊታቸው በውኃ ታጠበ። ጢማቸው ግን አልጠራም።

ኮሚሳር ኑኃሚን ዘርኣማርያም የደረሰችው አስከሬኑ ከተሸፈነ በኋላ ነው። በልጅነቷ ጀርመን መጥታ ሪደርቫልድ ሰፈር ያደገች፣ አሁን በፍራንክፈርት ፖሊስ የግድያ መርማሪ ናት። ሽታ አትችልም፤ ሥራዋ ግን ከሽታ አርቋት አያውቅም። መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ በጉድጓዱ አፍ ተንበረከከች።

«አደጋ ነው» አላት ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «አሮጌ ቤት፣ የበሰበሰ ጣውላ፣ ሽማግሌ ሰው።»

ጣውላው እውነትም በስብሷል። ስብርባሪውን በጣቷ ስትጫነው እንደ እርጥብ ዳቦ ፈረሰ፤ ከውስጡ ነጫጭ ትሎች ተልመጠመጡ። ነገር ግን ጣውላዎቹ ባረፉበት የእንጨት ጠርዝ ላይ አዳዲስ የብሎን ቀዳዳዎች አየች። በበሰበሱት ጣውላዎች ላይ ደግሞ የብሎን ምልክት የለም፤ ዝገት የበላቸው ምስማሮች ብቻ።

«እዚህ ላይ በቅርቡ ሌላ ጣውላ ተገጥሞ ነበር» አለች። «የት ገባ?»

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዎቹን በባትሪ አየ።

ቤቱ ኒደር ኤርለንባኽ ውስጥ፣ ፍራንክፈርት አልቆ እርሻው በሚጀምርበት ይገኛል። አቶ ኃይለ መስቀል ጡረታ የወጡ የድልድይ መሐንዲስ ነበሩ። ከገዙት ወዲህ እዚያው እያደሩ በገዛ እጃቸው ሲያድሱት ከርመዋል። በሞቱበት ቅዳሜ ሊያግዟቸው የመጡት አራት ሰዎች ናቸው፤ ኑኃሚን አራቱንም አንድ በአንድ በሰፊው ክፍል ጠራቻቸው። መሐሉ ላይ በሁለት መቆሚያዎች የተጋደመ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ጽጌረዳ ያለበት ላስቲክ ለብሷል፤ የምሳው ሽሮና ጎመን ሳህኖቹ ላይ ደርቋል።

መጀመሪያ የተቀመጡት ወይዘሮ የሺወርቅ ናቸው።

«ልጄ፣ እኔ ይህን ቤት ከመጀመሪያው ተጸይፌዋለሁ» አሉ። «ጣሪያው ሥር የእርግብ ሬሳ፣ ግድግዳው ላይ ሻጋታ። እሱ ግን ኩሱን በአካፋ እየዛቀ ይዘፍን ነበር።»

«እንዴት አገኙት?»

«በለቅሶ። የቤቱ ባለቤት ፍራው ኦምለር የምትባል ብቸኛ አሮጊት ነበረች። እዚህ ያለው ወዳጁ ጉልላት የአረጋውያን እንክብካቤ ድርጅት አለው አይደል? እሷንም የሚንከባከባት እሱ ነበር። ስትሞት ቀባሪ የላትም ብሎ ኃይሌን ይዞት ሄደ። ኃይሌ የቤቱን ወጋግራ አይቶ ልቡ ቀረ። ወራሾቿ ሩቅ ስለሆኑ ቶሎ ሸጡለት። ጉልላት እንኳ ‹ተው፣ ይህ ቤት ያሳምምሃል› ብሎት ነበር።»

«ሰሞኑን ባለቤትዎ እንዴት ነበሩ?»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «መዝፈኑን ተወ። ረቡዕ ቦከንሃይም ቤታችን መጥቶ እህል አልቀመሰም። ‹ፎቅ ላይ ያገኘሁትን አሁን አልነግርሽም፤ መጀመሪያ ሰውየውን ፊት ለፊት ልጠይቀው› አለኝ። ማን እንደሆነ አልተናገረም።»

ሁለተኛው ምንያህል ነው፤ የወይዘሮ የሺወርቅ የእህት ልጅ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ። ዓይኖቹ አብጠዋል።

«ያ ፖሊስ ውሸታም ብሎኛል» አለ። «ባለፈው ቅዳሜ ከጋሼ ጋር አዲስ ጣውላ ገጥመናል። በብሎን አስሬዋለሁ። ዝናብ እንዳያበላሸው ከላዩ የግንባታ ላስቲክ አለበስነው። ዝሆን ቢቆምበት አይሰበርም።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ሁለታችን ብቻ ነበርን።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«በበር የተነሳ። የፎቁን ትንሿ ክፍል በር ነቅሎ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስገባው። የበሰበሰ በር ምን ያደርግልሃል ስለው ‹እንዳትነካው› ብሎ ጮኸብኝ። ጋሼ ጮኾብኝ አያውቅም።»

ኑኃሚን ፎቅ ወጥታ አልጋው ሥር አየች። ብርድ ልብሱ አለ፤ በሩ የለም።

ሦስተኛዋ ሰሎሜ ናት፤ ፕሮይንገስሃይም በሚገኘው የጉልላት ድርጅት ተቀጥራ አረጋውያንን የምትንከባከብ ወጣት።

«ፍራው ኦምለርን ለትንሽ ጊዜ አጥቤያታለሁ» አለች በቀስታ። «ደግ ነበረች። መርሳት ጀምራ ነበር እንጂ ትራመድ ነበር። ከዚያ ጋሽ ጉልላት ‹እኔ ራሴ እከታተላታለሁ፣ አንቺ ዕረፍት ውሰጂ› አሉኝ። ስመለስ ሞታ ነበር። ሬሳዋን የተሸከሙት ሰዎች ‹እንደ ሕፃን ትቀልላለች› ሲሉ ሰማሁ።»

«ዛሬስ ስትደርሱ ማን ነበር?»

«ከእትዬ የሺወርቅና ከምንያህል ጋር በአንድ መኪና ነው የመጣነው። ጋሽ ጉልላት ቀድመውን ምድጃው ላይ እንጨት ይጨምሩ ነበር። ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ጋሽ ኃይለ መስቀል ባውማርክት፣ የግንባታ ዕቃ መደብር፣ ብሎን ሊገዙ ሳይሄዱ አይቀሩም፣ እንብላ አሉን። ጸሎት አድርገው ቆረሱልን።»

ጉልላት መጨረሻ ገባ። ሸሚዙ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። በፍራንክፈርት ሐበሾች ዘንድ ለሽምግልና የሚጠራ፣ ለለቅሶ የሚቀድም ሰው ነው።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ያን የበሰበሰ ጣውላ ቀይረው እያልኩ ስንት ጊዜ መከርኩት።»

«እርስዎ ሲደርሱ አቶ ኃይለ መስቀል ነበሩ?»

«አልነበረም። ቤቱ ክፍት ነው፤ ብርድ ስለነበር ምድጃውን አነደድኩ።»

«ጠረጴዛውን ማን አቆመው?»

«ቆሞ ነው የጠበቀኝ። እኔ ላስቲኩን ብቻ አለበስኩት። ቆሻሻ ላይ መብላት አልወድም።»

ኑኃሚን ወንበሯን ለማቅረብ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ሰደደች። ጣቶቿ ቀዝቃዛና የሚያሙለጨልጭ ነገር ነኩ። ፊቷን ሳትለውጥ እጇን ወደ ጭኗ መለሰች፤ ሽታው ግን ተከተላት። የጉድጓዱ ሽታ ነው። ጉልላት ስለ ወዳጁ ደግነት አውርቶ እስኪጨርስ ጠበቀች። አመስግና አሰናበተችው፤ ከዚያም እጇን ቆዳዋ እስኪቀላ ታጠበች።

እንደገና ፎቅ ወጣች። ትንሿ ክፍል ቤቱ ከመሸጡ በፊት ነጭ ቀለም ተቀብታለች፤ አቶ ኃይለ መስቀል በመቃኑ ዙሪያ ቀለሙን ልጠውታል። የመቀርቀሪያው ቀዳዳ ያለው በኮሪደሩ በኩል ነው። በውስጥ በኩል፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ፣ እንጨቱ ተቧጥጧል። ጭረቶቹ ውስጥ ቡናማ ነገር ደርቋል፤ በአንደኛው ውስጥ የሰው ጥፍር ቁራጭ ተሰክቶ ቀርቷል። ኑኃሚን ጥፍሩን በማስረጃ ከረጢት አስገባች። ከዚያ ወርዳ የምድጃውን አመድ በወንፊት አስነፋች። ሁለት የበር ማጠፊያዎችና አንድ ረጅም መቀርቀሪያ ወጡ።

በቀጣዩ ረቡዕ አራቱንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላስቲኩ ተነሥቶለት፣ ሆዱ ወደ ላይ ተገልብጧል። አዲስ ጣውላ ነው፤ የተገለበጠው ገጹ ግን አረንጓዴና ጥቁር ዝልግልግ ለብሷል። ወይዘሮ የሺወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ምንያህል እውነቱን ነው» አለች ኑኃሚን። «የጉድጓዱ ክዳን ይህ ነው። በጣውላዎቹ ጫፍ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች በጉድጓዱ ጠርዝ ካሉት ጋር ይገጥማሉ። አንድ ሰው አዲሱን ክዳን አንሥቶ፣ ከበረቱ ጀርባ የተጣሉትን የበሰበሱ ጣውላዎች መልሶ፣ የግንባታውን ላስቲክ እንደነበረ ዘረጋው። አቶ ኃይለ መስቀል የረገጡት ላስቲኩን ነው። ሥሩ የራሳቸው ሥራ እንዳለ ስላመኑ አልተጠራጠሩም።»

«ማን?» አለ ምንያህል።

«ክዳኑን አንተም አብረህ መግጠምህን የማያውቅ ሰው። አቶ ኃይለ መስቀል ብቻቸውን የገጠሙት መስሎታል፤ እሳቸው ከሞቱ ስለ አዲሱ ጣውላ የሚጠይቅ አይኖርም ብሎ አሰበ። እርጥብ ስለሆነ ማቃጠል አልቻለም። በመኪናም አይገባለትም። ስለዚህ ጠረጴዛ አደረገውና ላስቲክ አለበሰው።»

ሁሉም ወደ ጉልላት ዞሩ።

«ቆሞ ነው ያገኘሁት ብያለሁ» አለ ጉልላት። «ሌላ ሰው ቀድሞኝ ሊሆን ይችላል።»

«ይችል ነበር። ግን ይህን እዩት» አለች፤ ዝልግልጉ ላይ የታተመ መዳፍ አሳየችው። «ምንያህል ሲገጥመው እንጨቱ ንጹሕ ነበር። ዝልግልጉ የተሠራው በሳምንቱ ውስጥ፣ ከጉድጓዱ በሚወጣው እንፋሎት ነው። ስለዚህ በዝልግልጉ ላይ ያረፈ እጅ ክዳኑን ያነሣው ሰው እጅ ነው። ላቦራቶሪው ዛሬ ጠዋት መልስ ሰጥቶናል፤ መዳፉ የእርስዎ ነው።»

ጉልላት ሸሚዙን አስተካከለ።

«ለምን እንደሆነም ፎቁ ነግሮኛል። የትንሿ ክፍል መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ነበር። ክፍሏ ውስጥ የተኛ ሰው አይዘጋውም፤ የሚዘጋበት ሌላ ነው። ፍራው ኦምለር መቃኑን በጥፍሯ ቧጥጣለች። እርስዎ ጭረቱን ቀለም ቀቡት። አቶ ኃይለ መስቀል ቀለሙን ሲልጡ አዩት፤ በሩንም ለማስረጃ ደበቁት። ሌሎቹ ሲደርሱ ምድጃው ውስጥ ሲያነዱ የነበረው ያን በር ነው። ብረቶቹ ግን አልነደዱም።»

ጉልላት ሲናገር ድምፁ እንደ ቀድሞው ለስላሳ ነበር።

«በካልሲ መንገድ ላይ ትወጣ ነበር። ጎረቤት ቢደውል ፈቃዴን ይነጥቁኛል። የዘጋሁባት ለራሷ ደኅንነት ነው። ከዚያ ያን ሰሞን ሠራተኞች ታመሙ፣ ሺሽቱ፣ የሥራ ፈረቃው፣ አልገጣጠም አለኝ። የምልከው ሰው አጣሁ።»

«እኔ ነበርኩ» አለች ሰሎሜ። «ዕረፍት ውሰጂ ያሉኝ ያኔ ነው። ለእሷ እንክብካቤ የሚከፈልዎት ሳይቋረጥ እኔን አስወጡኝ። ቤቴ ተቀምጬ ነበር፤ ቢነግሩኝ በእግሬም እመጣ ነበር።»

ጉልላት አላያትም። «ኃይለ መስቀልን ለመንኩት። ሰኞ ለፖሊስ ቃል ልሰጥ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ አለኝ አለ። ስለ አንዲት ራሷን ስለማታውቅ ፈረንጅ የሃያ ዓመት ወንድምነታችንን ረሳ። ማሽኑን ይዞ ፎቅ ላይ እንጨት ሲልግ ነው ክዳኑን ያነሣሁት። ከዚያ በረት ና፣ እንነጋገር አልኩት።»

«ጮኸ?» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ።

«ለአፍታ።»

ወይዘሮዋ ተነሥተው በጣውላው አጠገብ ቆሙ። ዝልግልጉን አዩት፤ ከዚያ እጆቹን አዩ።

«እዚህ ላይ ጸልየሃል» አሉ። «እሱ እዚያ እያለ፣ በዚህ ላይ ቆርሰህ አጎረስከኝ። እኔም አሜን ብያለሁ።»

ጉልላት ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ተራመደ። «እትዬ፣ ይቅር—»

«እንዳትጠጋኝ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ይዘው ወሰዱት። ምንያህል ወደ ግቢው ወጥቶ እስኪያልበው አስመለሰው፤ ሰሎሜ ጀርባውን ይዛ ቆመች።

የፍራው ኦምለር መቃብር ተከፍቶ ሐኪሞች በረኃብና በጥም መሞቷን አረጋገጡ። ጉልላት በሁለቱም ሞት ተከሰሰ፤ ሰሎሜ ፍርድ ቤት ቀርባ ያየችውን ተናገረች። በሽምግልና ይጠሩት የነበሩ ሰዎች ስሙ ሲነሣ ወሬ ይለውጣሉ።

ወይዘሮ የሺወርቅን ሁሉም ቤቱን እንዲሸጡት መከሯቸው። እሳቸው ግን ሚያዝያ ላይ የቦከንሃይሙን ቤት ለቀው ኒደር ኤርለንባኽ ገቡ። በገቡ ማግስት ጉድጓዱን የሚመጥጥ መኪና አስመጡ። ቱቦው ቀኑን ሙሉ ጮኸ፤ ሽታው መንደሩን ሞላው፤ ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ። እሳቸው በበረቱ በር ወንበር አውጥተው፣ አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ ተቀመጡ።

ወደ ማታ ሠራተኛው መጥቶ የቀረው ትንሽ ነው፣ አፈር ቢደፋበት ይበቃል አላቸው።

«አይበቃም» አሉ። «እስከ ታች ድረስ ውሰዱት።»